የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ወደ ሃይብሪድ ሲቀየር፦ ከ150 ደቂቃው ግማሹ ቢቀነስ ምን ይጎድላል?

አዲስ_ሲላበስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዲፓርትመንቱ የፍሬሽማኑን የኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ሃይብሪድ ለማድረግ አስቧል። ኮርሱ ባለ 3 ክሬዲት ነው። እስካሁን እያንዳንዱ ሴክሽን በሳምንት ሁለት ጊዜ 75 ደቂቃ፣ በድምሩ 150 ደቂቃ ክፍል ይገባል። በአዲሱ ዕቅድ አንደኛው 75 ደቂቃ ይቀርና በቪዲዮና በሙድል (የኦንላይን ትምህርት መድረክ) ኩዊዝ ይተካል። 60 60 ተማሪ ያለባቸው 4 ሴክሽኖች አሉ፤ ሁለት መምህራን ሁለት ሁለት ይይዛሉ። ሙድል ተጭኗል፣ ግን የግቢው ኢንተርኔት ማታ ማታ ይንቀራፈፋል። ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው፣ ስልክ ግን ሁሉም ጋ አለ።

ማወቅ የምፈልገው፦ የክፍል ሰዓት በግማሽ ሲቀነስ ውጤት በእርግጥ ይወርዳል ወይ? ምን ያህል? ከምዕራፎቹ የትኛው ኦንላይን ይሂድ፣ የትኛው ክፍል ይቅር? ከሴሚስተሩ በኋላ ዲኑ «ሠራ ወይስ አልሠራም?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ዓይነት ማስረጃ ይቀርባል?

---

ናሙና

ለመጀመሪያው ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ ሙከራ አለ። ኒው ዮርክ ባለው ባሩክ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር 725 የማይክሮኢኮኖሚክስ መግቢያ ተማሪዎች በዕጣ ተደለደሉ፤ አንዱ ወገን በሳምንት ሁለቴ፣ ሌላው አንዴ ብቻ ክፍል ገባ። ልክ እንደ እናንተ ዕቅድ ማለት ነው። የኦንላይን ማቴሪያሉ ለሁለቱም ክፍት ነበር። ሚድና ፋይናል ተደምሮ ከ100 ሲሰላ ሁለቴ የገቡት በ2.3 ነጥብ በልጠው ተገኙ።

2.3 ነጥብ እንዴት ይነበብ? ግማሽ የክፍል ሰዓት ጠፍቶ የወረደው ይኼ ብቻ ከሆነ ኪሳራው ትንሽ ነው የሚል አለ፤ እውነቱን ነው። ሆኖም ዜሮም አይደለም፤ ድንበር ላይ የቆመን ተማሪ ከሲ ፕላስ ወደ ሲ ያወርዳል። ደግሞ ሁለቱም ወገን ኦንላይኑን ስላገኘ ሙከራው የለካው «ቪዲዮ ይሻላል ወይስ መምህር?» የሚለውን አይደለም። የለካው ተጨማሪው 75 ደቂቃ ምን እንደሚጨምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሌላ የዕጣ ሙከራ 323 የማይክሮ ተማሪዎች ለሦስት ተከፈሉ፦ ክፍል ብቻ፣ ድብልቅ፣ ኦንላይን ብቻ። ኦንላይን ብቻ የተማሩት በማጠቃለያው ፈተና ክፍል ከገቡት ከ5 እስከ 10 ነጥብ ዝቅ አሉ። ድብልቁ ከክፍሉ የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ግን 323ን ለሦስት ስታካፍሉት በቡድን ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው የሚቀረው፤ በዚህ ቁጥር የ2 ነጥብ ልዩነት ቢኖርም አይታይም። «አልታየም»ን «የለም» ብላችሁ ለዲኑ እንዳትጽፉ።

ሦስተኛው ከዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ነው፤ በኮቪዱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መኸር፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ ተማሪዎች በዕጣ ኦንላይንና ክፍል ገቡ። የኦንላይኖቹ ውጤት በ0.215 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ መለኪያ) ወረደ፤ ሲገቡም ደከም ያሉት ላይ ደግሞ ጉዳቱ በረታ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሚሺጋን ስቴት ጥናት በዕጣ የተደለደለ ባይሆንም አንድ ጠቃሚ ነገር ያሳያል፦ በትርጓሜና በቀላል ጥያቄ ላይ ኦንላይኖቹ አልተበለጡም፣ የተበለጡት ውስብስብ ትንተና በሚጠይቁት ላይ ነው። ሁለተኛ ጥያቄዎትም (ምን ወዴት ይሂድ) መልሱ ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዕቅዱ ላይ ስላልታየኝ። ሃይብሪድ ሲባል የተቆጠበው ሰዓት የት እንደሚገባ ማንም አይጽፍም። አሁን አንድ መምህር 2 ሴክሽን × 150 = 300 ደቂቃ ያስተምራል። ሴክሽኑን 30 30 አድርጋችሁ ለአራት ብትከፍሉት 4 × 75፣ ያው 300 ደቂቃ ነው። የመምህሩ ጭነት አልተነካም፤ ተማሪው ግን የሚያገኘውን ደቂቃ በግማሽ ቀንሶ በግማሽ ያነሰ ክፍል ያገኛል። 60ውን እንዳለ ይዛችሁ ሰዓቱን ብቻ ከቆረጣችሁ፣ የቆጠባችሁት የመማሪያ ክፍል ነው፣ ሌላ ምንም።

---

የጠመኔ_ሰው

የምዕራፍ ክፍፍሉን በተመለከተ ሲላበሱን በምዕራፍ አይቁረጡት፤ በየምዕራፉ ውስጥ ይቁረጡት። ትርጓሜ፣ ዝርዝርና ስሌት ኦንላይን ይሂድ፦ እጥረትና ምርጫ፣ ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ የገበያ ዓይነቶች ባሕርይ፣ የጂዲፒ አካላት፣ የዋጋ ኢንዴክስ አሠራር። ክፍል መቅረት ያለበት ተማሪው በራሱ እጅ መሣል ያለበት ነው። በመስመር ላይ መንቀሳቀስና የመስመሩ መሸሽ፣ ኢላስቲሲቲ (መጠኑ ለዋጋ ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ) እና ስሎፕ (የመስመሩ ተዳፋት)፣ ታክስና የዋጋ ጣሪያ፣ የኅዳግና የአማካይ ወጪ ኩርቭ አንድ ላይ። እነዚህን በቪዲዮ ያየ ተማሪ «ገባኝ» ይላል። ወረቀት ስትሰጡት ግን እጁ አይንቀሳቀስም።

በቅርብ ለማየት ታክስን እንውሰድ። የሚፈለገው መጠን ፈ = 120 − 2ዋ፣ የሚቀርበው አ = −30 + 3ዋ ይሁን (ዋ ማለት ዋጋ በብር ነው)። ሚዛኑ ዋጋ 30፣ መጠን 60 ላይ ነው። መንግሥት ከሻጩ በኪሎ 10 ብር ይሰበስባል። «ሸማቹ አሁን ስንት ይከፍላል?» የሚለውን ከክፍል በፊት በሚሠራው ኩዊዝ ላይ ያውጡ፤ ምርጫዎቹ 30፣ 32፣ 35፣ 36 እና 40 ይሁኑ።

መልሱ 36 ነው፤ ሻጩ በእጁ የሚቀረው ዋ − 10 ስለሆነ አቅርቦቱ −60 + 3ዋ ይሆናል፣ 120 − 2ዋ = −60 + 3ዋ፣ ዋጋ 36፣ መጠን 48። ሻጩ 26 ይቀረዋል፣ መንግሥት 480 ብር ያገኛል፣ ዴድዌይት ሎሱ (በታክሱ ምክንያት ማንም ሳያገኘው የሚጠፋው ጥቅም) 60 ብር ነው። ይኼን ሁሉም መምህር ያሰላዋል። ጥቅሙ ያለው የተሳሳቱት መልሶች ውስጥ ነው። 30 ያለው «ታክሱ የተጣለው በሻጩ ላይ ነው፣ ሸማቹን ምን አገባው» ብሏል። 40 ያለው «ነጋዴ ሁሉንም ሸማቹ ላይ ይጭናል» የሚለውን የመንደር ኢኮኖሚክስ ይዞ መጥቷል። 35 ያለው ለሁለት አካፍሏል። 32 ያለው ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፤ መስመሩ መሸሹን አውቋል፣ ግን 10ሩን ከመጠኑ ላይ ቀነሰ፣ ማለትም መስመሩን 10 ብር ወደ ላይ በማንሳት ፈንታ 10 ኪሎ ወደ ግራ ገፋው። አቅርቦቱ −40 + 3ዋ ሆነበት፣ 160ን ለ5።

መምህሩ ከክፍል በፊት በነበረው ምሽት የመልሱን ስርጭት ካየ ነገ በምን እንደሚጀምር ያውቃል። አብዛኛው 40 ከመለሰ ስለ ኢላስቲሲቲ ነው የሚወራው፦ ሚዛኑ ላይ የፍላጎቱ 1፣ የአቅርቦቱ 1.5 ነው፣ ስለዚህ የሸማቹ ድርሻ 1.5 ለ2.5፣ ከ10 ብሩ 6ቱ። አብዛኛው 32 ከመለሰ ግን ኢላስቲሲቲ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ግራፍ ወረቀት አውጥቶ የቋሚውን ርቀት በማስመሪያ ማስለካት ይሻላል። ያለ ኩዊዙ ይኼን ለመገመት ምንም መንገድ የለም። በእኔ አስተያየት የሃይብሪድ ዋናው ትርፍ ይኼ ነው፤ ቪዲዮው ከመጽሐፍ ብዙም አይለይም።

75ቱን ደቂቃ እንዲህ ይክፈሉት፦ ብዙ ሰው በሳተው አንድ ጥያቄ ላይ 10 ደቂቃ፤ ከዚያ ሦስት ሦስት ሆነው በወረቀት የሚሠሩት 35 ደቂቃ (ለምሳሌ ያንኑ ታክስ ከሸማቹ ቢሰበሰብስ? ገበያው ላይ የሚታየው ዋጋ 26 ይሆናል፣ ሸማቹ ከታክሱ ጋር ያው 36 ይከፍላል፤ ይኼን ራሳቸው ሲደርሱበት ነው የሚገርማቸው)፤ 20 ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ማረሚያ፤ የቀረው ስም የተጻፈበት አንድ ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ሠርተው ሲወጡ የሚሰጡት። ብጣሹ የአቴንዳንስም ሥራ ይሠራል።

---

ኋላ_ወንበር

ሁሉም ጥሩ፣ ግን ዕቅዱ የሚፈርሰው እዚህ ነው፦ ተማሪው ቪዲዮውን አያይም። ዶርም ውስጥ ስድስት ስምንት ሆነው፣ አንድ ሶኬት ተሻምተው፣ የካልኩለስ አሳይመንት እያለ ማን ነው የኢኮኖሚክስ ቪዲዮ የሚከፍተው? ክፍል ግን ቢያንስ ያስቀምጠዋል። ጎበዙ በሁለቱም ይማራል። የሚጎዳው «ለመሆኑ ዛሬ ክላስ አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ነው፤ ናሙና የጠቀሰው የዌስት ፖይንቱ ውጤትም ይኼንኑ ይመስለኛል። ያ ደግሞ ሕይወቱ በደወል በሚመራ ግቢ ውስጥ የሆነ ነው።

---

አዲስ_ሲላበስ

አመሰግናለሁ። የኋላ_ወንበር ስጋት ዲፓርትመንቱም ውስጥ ተነሥቷል። ግማሹ ሳያይ ከመጣ መምህሩ ምን ያድርግ? የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃዎች ለክለሳ ቢያውል ይሻላል የሚሉ አሉ።

---

የጠመኔ_ሰው

አይከልስ። በሁለተኛው ሳምንት ከከለሰ፣ በሦስተኛው ያየው ተማሪም ማየት ያቆማል፤ ለምን ብሎ? ከዚያ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ሃይብሪድ አይደለም፣ 75 ደቂቃ የጎደለበት ሌክቸር ነው።

ማስገደጃው ኩዊዙ ነው። በየሳምንቱ 5 ጥያቄ፣ ሁለት ሙከራ፣ ከፍተኛው ይያዝ፣ ከክፍሉ በፊት በነበረው ምሽት ይዘጋ። 12 ኩዊዝ ከሆነ ዝቅተኛዎቹ ሁለቱ ይጣሉ፤ መብራት ጠፋ፣ ካርድ አለቀ የሚለው ክርክር ሁሉ በዚህ ያልቃል። ክብደቱ ከ15 በመቶ አይብለጥ። ከዚያ ካለፈ ኩረጃ ዋጋ ያወጣል፤ ሁለት በመቶ ካደረጋችሁት ደግሞ ማንም አይነካውም። ሚድና ፋይናል በወረቀት፣ ክፍል ውስጥ፣ በተቆጣጣሪ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ኩዊዝ ያመለጣቸውን ስም ዝርዝር አውጥታችሁ አነጋግሩ። ከሚድ በኋላ ቢሆን ቲቶሪያልም አያድናቸውም። ኋላ_ወንበር ትክክል ነው፣ የሚጠፋው ተማሪ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚጠፋው። ልዩነቱ ሙድል ላይ መጥፋቱ ከሚድ በፊት ይታያል፤ ክፍል የተቀመጠው ግን አለ ተብሎ ይቆጠራል።

---

ሰርቨር_ጠባቂ

ስለ ኔትወርኩ። የስላይድና ድምፅ ቪዲዮ ከባድ መሆን የለበትም። ምስልና ድምፅ ተደምሮ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ላይ ብታወጡት 8 ደቂቃው 15 ሜጋባይት ነው። በሳምንት 3፣ በ14 ሳምንት 42 ቪዲዮ፣ 630 ሜጋባይት። አንዲት ፍላሽ ትበቃዋለች፤ ላብ ውስጥ ኮፒ ይደረግ፣ የክፍል ተጠሪዎች ያባዙት። ሃንድብሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይኼን ይሠራል፦ ቁመቱን 480፣ በሰከንድ 10 ፍሬም፣ ድምፁን ሞኖ 48 ኪሎቢት። ስላይድ ስለማይንቀሳቀስ 30 ፍሬም ትርፍ ነው። ለባሰበት ደግሞ ድምፁን ብቻ በ32 ኪሎቢት አውጥታችሁ ከፒዲኤፉ ጋር ስጡ፤ ያው 8 ደቂቃ ከ2 ሜጋባይት በታች ይሆናል።

ግራፉ ለስልክ ይሣል። ፕሮጀክተር ላይ የሚያምረው ስላይድ ባለ 5 ኢንች ስክሪን ላይ ጉንዳን ነው። በአንድ ስላይድ አንድ ግራፍ፣ ፊደሉ ከ28 ነጥብ አይነስ፣ አሮጌውና አዲሱ መስመር በቀለም ብቻ አይለይ፤ አንዱ ሙሉ አንዱ ቁርጥራጭ ይሁን። መምህሩ «ይኼ እዚህ ጋ» አይበል፤ ድምፁን ብቻ የሚሰማ አለ። «ዋጋ 36፣ መጠን 48 ላይ» ይበል።

ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ችግር የለውም፣ ይውጣ። ኩዊዙ ግን ሙድል ላይ ብቻ። እዚያም ቢሆን መልሱ በአሥር ደቂቃ ቴሌግራም ላይ ነው፤ የኩዊዝ አማካይ 95፣ የሚድ 40 ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ማምለጫው ሙድል ውስጥ ካልኩሌትድ የሚባለው የጥያቄ ዓይነት ነው፦ ቀመሩን አንዴ ትጽፋላችሁ፣ 120ውና 10ሩ ለያንዳንዱ ተማሪ ይለያያል። ምርጫ ያለበትም ዓይነት አለው፣ ስለዚህ የጠመኔ_ሰው ያላቸው የስህተት መልሶች እያንዳንዳቸው በቀመር ይገባሉ። መጀመሪያ ግን ቁጥሮቹ ሲቀያየሩ ሁለት ምርጫ አንድ ላይ እንዳይገጥም አረጋግጡ። ለምሳሌ የአቅርቦቱና የፍላጎቱ ስሎፕ እኩል ከመጣ «ለሁለት መካፈል» ትክክለኛው መልስ ይሆንና አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይወጣል።

በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ አድርጉ፤ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ያለፈው ይቀመጣል፣ መስመሩ ቢቋረጥ የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነው። 240 ሰው በአንድ ሌሊት እንዳይረባረብ የአራቱን ሴክሽን መዝጊያ በተለያየ ቀን አድርጉ።

ትንሽ የሚመስል ግን ሁልጊዜ ጭቅጭቅ የሚያመጣ፦ ሰዓቱ። ሙድል ላይ 12:00 ብላችሁ የጻፋችሁት እኩለ ቀን ነው፣ ተማሪው ግን «አሥራ ሁለት ሰዓት» ብሎ ምሽት ይመጣል። መዝጊያውን «ረቡዕ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በስልካችሁ 22:00» ብላችሁ በሁለቱም ጻፉ። ከእኩለ ሌሊት ጋር የሚገጥም መዝጊያም አታድርጉ፤ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ማንም አያውቀውም።

---

ናሙና

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ከአምና ሴሚስተር ጋር አታወዳድሩ፤ ተማሪውም ፈተናውም ተቀይሯል። «የፈለገ ይመዝገብ» ብላችሁም አትክፈሉ፤ ሃይብሪዱን የሚመርጠው ወይ ጎበዙ ነው ወይ ከክፍል መሸሽ የሚፈልገው፣ ሁለቱም ያሳስታችኋል። ሬጅስትራር የሰጣችሁን ዝርዝር ኤክሴል ላይ አውጥታችሁ በዕጣ ቁጥር ደርድሩትና ከላይ 120ውን ሃይብሪድ፣ ከታች 120ውን መደበኛ። በስም ፊደል ቅደም ተከተል አትክፈሉ።

እያንዳንዱ መምህር አንድ መደበኛ፣ አንድ ሃይብሪድ ይያዝ። አለዚያ የለካችሁት መምህሩን ነው። ሃይብሪዱን 30 30 ብትከፍሉትም ለመምህሩ 150 ደቂቃው ያው ነው። ቪዲዮውን ለሁለቱም ወገን ክፈቱ፤ በዶርም በኩል መሄዱ ስለማይቀር ድብቅ ማድረግ ራስን ማታለል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 20 ጥያቄ ያለው ቅድመ ፈተና ስጡ፣ ማርክ የሌለው። ፋይናሉ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ሲታረም የሁሉም ሴክሽን ወረቀት ተደባልቆ፣ አንድ ጥያቄ በአንድ አራሚ።

አሁን መጥፎው ዜና። የናሙና መጠን በግርድፉ ለአንድ ወገን 16ን ለልዩነቱ ካሬ ማካፈል ነው፤ ልዩነቱ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይለካል። የ0.2 ልዩነት ለማየት በየወገኑ 400 ተማሪ ይፈለጋል። እናንተ 120 ነው ያላችሁ፤ ማየት የምትችሉት ከ0.37 አካባቢ ጀምሮ ነው። የፋይናሉ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 14 ነጥብ ቢሆን 5 ነጥብ ማለት ነው። ቅድመ ፈተናው ከፋይናሉ ጋር 0.6 ኮሪሌሽን (ዝምድና) ካለውና ሪግሬሽኑ (የቅድመ ፈተናውን ልዩነት ታሳቢ አድርጎ የሚያወዳድረው ስሌት) ውስጥ ካስገባችሁት ወደ 4 ነጥብ ይወርዳል። የባሩኩን 2.3 የሚያህል ነገር ለመያዝ ሦስት ዙር ደምራችሁ በየወገኑ 360 ማድረስ አለባችሁ። ስለዚህ ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ለዲኑ የሚጻፈው «ከ4 ነጥብ የበለጠ ጉዳት አልታየም» ወይም «ታይቷል» ነው፤ «እኩል ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከዚህ ዳታ አይወጣም።

አማካዩን ብቻም አታቅርቡ። በቅድመ ፈተናው ከታች ሲሶ የነበሩትን ለብቻ አውጡ። በየወገኑ ስንት ተመዝግቦ ስንት ለፋይናል እንደተቀመጠም ጻፉ፤ ሃይብሪዱ ደካሞቹን በድሮፕ ካራገፈ አማካዩ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ የሚያኮራም አይደለም። ፋይናሉንም ትርጓሜና ትንተና ብላችሁ ለሁለት ቁረጡት። ጥያቄውን በጠቅላላ ውጤት ብቻ ከለካችሁ የሚሺጋኑ ዓይነት ልዩነት ተደብቆ ይቀራል።

---

ኋላ_ወንበር

አንድ ነገር ቀርቷል፤ የመምህሩ ድካም። የ8 ደቂቃ ቪዲዮ ጽሑፉ፣ ቀረጻው፣ ኩዊዙ ተደምሮ ከ3 ሰዓት በታች አያልቅም። 42 ቪዲዮ 126 ሰዓት ነው። ይኼ ሥራ ጭነት ላይ ካልተጻፈ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ቪዲዮው ቆሞ አሮጌው ሀንድአውት ስካን ተደርጎ ይለቀቃል።

---

አዲስ_ሲላበስ

ሁለቱ መምህራን ቪዲዮውን ቢካፈሉት 63 63 ሰዓት ይደርሳቸዋል፤ በክረምቱ እንዲሠራና እንደ አንድ ኮርስ ጭነት እንዲያዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። የ30ዎቹን ቡድኖች በተመለከተ ከመማሪያ ክፍል ክፍፍሉ ጋር አስተያየሁት፦ 60ው ሁለቴ ቢገባም 30ዎቹ አንድ አንዴ ቢገቡም የክፍል ሰዓቱ እኩል ነው። ዲፓርትመንቱ ሃይብሪድን የፈለገው ክፍል ለማስለቀቅ ስለነበር ይኼን አስቀድሜ ልነግራቸው ነው።

---

ናሙና

ይንገሯቸው። ትንንሽ ክፍሎች ካሏችሁ ለ30ዎቹ እነሱን ጠይቁ፣ ትልቁ አዳራሽ ይለቀቃል። ትንሽ ክፍል ከሌለ ግን ቢያንስ ግራፍ የሚሣልባቸውን አምስት ስድስት ሳምንታት ለይታችሁ በነዚያ ብቻ ሁለቴ አስገቧቸው፤ የትርጓሜዎቹ ሳምንታት አንዴ ይበቃቸዋል።